ደረጃዬ ላይ ወድቃ ላገኘኋት ንብ ማር ሰጠኋት፤ አጠፋሁ?

የጓሮ ጎመን (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ) · ሚያዝያ 19፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ክፍል የምጽፈው ስለ ቃርያ ችግኝ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሌላ ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

ከሥራ ስገባ የበረንዳው ደረጃ ላይ አንዲት ንብ ወድቃ አገኘሁ። ንብ ልበላት እንጂ የአውራ ጣቴን ግማሽ ታህላለች። ጥቁርና ቢጫ ነች፣ ጸጉሯ እንደ በግ ግልገል ድፍን ያለ። ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ ነው የዋለው። ሞታለች ብዬ በወረቀት ላነሳት ስል አንድ እግሯን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ሰቀለች። «ተዪኝ» ያለችኝ ነው የመሰለኝ።

አላስቻለኝም፤ የጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጌ አስገባኋት። እናቴ ከደብረ ማርቆስ የላከችልኝ ነጭ ማር ነበረ፤ በስንጥር ጫፍ አንድ ጠብታ አቀረብኩላት። ረጅም ቀይ ምላሷን ዘርግታ ላሰችው! ትንሽ ቆይታ ሆዷ ቶሎ ቶሎ ይነፋ ይሟሽሽ ጀመር።

ጭንቀቴ ይሄ ነው፤ በስልኬ አጉልቼ ሳያት አንገቷ ሥርና ከክንፎቿ በታች ቡናማ ቅንቅን የመሰሉ ነገሮች ተጣብቀዋል። አሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ይንቀሳቀሳሉ። በወረንጦ ላንሳላት? ለመሆኑ ምንድን ናት?

---

ደጉ ዘመን · ሚያዝያ 19

እህቴ ይህቺ እኮ ጣዝማ ናት! መሬት ውስጥ የምትኖረው። ማሯ ለሳል ፍቱን ነው። ጎጆዋን ብታገኚው እንዳትነግሪ 😄

---

ቀፎ ሰቃይ · ሚያዝያ 19

ወንድሜ፣ ጣዝማ ከዝንብ ብዙም የማትበልጥ፣ የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት። ይህቺ ባምብልቢ ናት፤ አገር ቤት አይተሃት አታውቅም፣ ምክንያቱም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ጨርሶ የለችም። በዓለም ላይ ከ250 በላይ ዝርያ አላት፤ አብዛኛው ብርዳማ አገር ነው የሚኖረው። መሬት ውስጥ መኖሯ ግን ልክ ነው፤ አይጥ የለቀቀችው ጉድጓድ ትወዳለች።

የጓሮ ጎመን፣ በዚህ ወቅትና በዚህ ትልቀቷ ንግሥት መሆኗ ነው። (እኛ ቤት «አውራ» ነበር የምንላት፤ አባቴ እስኪሞት ወንድ ናት ብሎ ነው የተከራከረኝ።) የባምብልቢ ቤተሰብ እንደ ማር ንብ ዓመት ዘልቆ አይከርምም። በመከር ሠራተኞቹም፣ ድንጉሎቹም (ወንዶቹ)፣ አሮጊቷ ንግሥትም ይሞታሉ። የበረዶውን ወራት መሬት ውስጥ ተኝተው የሚያልፉት ከድንጉል ጋር የተዳቀሉት ወጣት ንግሥቶች ብቻ ናቸው። እና አሁን ካርቶንሽ ውስጥ ያለችው አንዲት ንብ ብቻ እንዳትመስልሽ፤ ገና ያልተሠራ ሙሉ ቤት ነው ይዘሽ ያለሽው።

ሆዷ የተነፋ የተሟሸሸው እየተነፈሰች ሞተሯን ስታሞቅ ነው። ለመብረር የደረቷ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ክንፏን ሳታንቀሳቅስ የክንፉን ጡንቻ ብቻ እያንቀጠቀጠች ታሞቀዋለች። ለዚያ ነዳጅ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ማብላትሽ ልክ ነበር።

ማሩ ግን ስህተት ነው። አትደንግጪ፣ አንድ ጠብታ አትገድላትም ይሆናል፤ ከእንግዲህ ግን አትድገሚው። ሁለት ማንኪያ ነጭ ስኳር በአንድ ማንኪያ ውኃ በጥብጠሽ ጠብታ ብቻ ስጫት። የተረፈውን ማር ደግሞ በረንዳ ላይ እንዳትተዪው።

---

የጓሮ ጎመን · ሚያዝያ 19፣ ሌሊት

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን የማሩን ነገር አልተቀበልኩትም። እናቴ ራሷ ቆማ ያስቆረጠችው ነው። እሳት አላየም፣ ስኳር የሚባል ነገር አልነካውም። ለንብ ማር ካልሆነ ምን ይሆናታል? ፋብሪካ የወጣ ስኳር ከእናቴ ማር ይበልጣል ነው የምትሉኝ?

---

ቀፎ ሰቃይ · ሚያዝያ 20

ልጄ፣ ችግሩ እኮ ንጹሕነቱ ነው! እሳት ስላላየ በውስጡ ያለው ሁሉ በሕይወቱ አለ። ማር ንቦች ከአፍ ወደ አፍ ሲቀባበሉት የኖሩት ነገር ነው። እነሱን የያዛቸው ቫይረስና የበሽታ ዘር አብሮት ሊመጣ ይችላል። ለአንቺ ምንም አያደርግሽም፤ በስኒ ሙሉ ጠጪው። ለሌላ ንብ ግን የማታውቀው ሰው የተጠቀመበት ማንኪያ ነው።

በረንዳ ላይ አትተዪው ያልኩት ደግሞ ለጎረቤት ቀፎዎች ብዬ ነው። የማር ንብን እጭ የሚያበሰብስ በሽታ አለ፤ ዘሩ ማር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የየት አገር ማር ቢሆን ይኸው ነው። የእናትሽን ማር አልሰደብኩም፤ ቢደርሰኝ ደስታዬ ነው።

---

ብርጭቆ ስላይድ · ሚያዝያ 20

የምሠራው የባምብልቢ በሽታ በሚጠናበት ላብራቶሪ ነው፤ ስላይድ አዘጋጅ ነኝ እንጂ ምሁር አይደለሁም። ስለ ቅንቅኖቹ ልመልስ።

ተዪያቸው! ወረንጦው ነው የሚጎዳት። ደምም አይመጥጡም፤ ተሳፋሪዎች ናቸው። ንግሥቲቱ ጎጆ ስትሠራ ወርደው ብናኝና ፍርፋሪ እየበሉ ይኖራሉ። አንዳንዶቹ አበባ ላይ ወርደው ሌላ ንብ እስክትመጣ ይጠብቃሉ፣ ልክ ፌርማታ ላይ እንደቆመ ሰው። የማር ንብን የሚጨርሰው ቫሮዋ የሚሉትም አይደሉም፤ ቫሮዋ በባምብልቢ ጎጆ መራባት አይችልም። ክብደታቸው መብረር ካልከለከላት በቀር ሰላም ናቸው። መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱን ግን ከውጭ አታይውም።

በነገራችን ላይ ከውጭ የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሆዷ ውስጥ ያለው ነው። ያለፈው ዓመት ሞታ የመጣች ንግሥት ከፍቼ ነበር፤ ውጭዋ አንድ እንከን የለውም። ሆዷን ስሰነጥቀው ነጭ፣ እንደ ቋሊማ የተጠቀለለ፣ ላዩ በጨሌ የተጠለፈ የሚመስል ነገር ወጣ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስፌሩላሪያ የሚባል ትል ነው፤ እንዲያውም ያ ቋሊማ ትሉ ራሱ አይደለም፣ ተገልብጦ የወጣ ማሕፀኑ ነው! ትሏ ዳር ላይ እንደ ክር ቁራጭ ተንጠልጥላለች፤ ካልነገሩህ አታያትም።

ንግሥቲቱ አፈር ውስጥ ተኝታ ሳለ ነው የሚገባባት። እንቁላል ማፍሪያዋ እንዳያድግ ያደርገዋል፤ በጸደይ ትነቃለች፣ ጎጆ ግን አትሠራም። እንደገና የመኝታ ቦታ እንደምትፈልግ ሁሉ መሬት መሬቱን እየታከከች ትዞራለች፣ እየቆፈረች የትሉን ልጆች አፈሩ ላይ ትጥላለች፣ ከዚያ ትሞታለች። የሚመጣው ዓመት ንግሥቶች እዚያው አፈር ውስጥ ይተኛሉ።

---

የጓሮ ጎመን · ሚያዝያ 20

ወይ ጉዴ። እንቅልፍ ነሳኸኝ እኮ። የእኔዋስ?

---

ብርጭቆ ስላይድ · ሚያዝያ 20

አሁን መለየት አይቻልም፤ ሁሉም በዚህ ወቅት ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት፣ ጤነኛዋም ጉድጓድ ፍለጋ ላይ ናት። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ የኋላ እግሮቿን እዪ። ብናኝ ጠቅልላ ከተሸከመች ቤት አላት፣ ልጅ እያሳደገች ነው። ያን ጊዜም ባዶ እግሯን መሬት ለመሬት የምትዞር ንግሥት ካየሽ ግን ተጠራጠሪ።

---

የጓሮ ጎመን · ሚያዝያ 21

ሄደች! የስኳር ውኃውን ጠጣች፣ ካርቶኑን ፀሐይ ላይ ከፈትኩት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ እንደ ሄሊኮፕተር ተነሳች። ቤቴን ሁለት ጊዜ ዞራ አኻያው ላይ አረፈች። (ወንዙ ዳር ያለችውን አኻያ አገር ቤት ካለችው ጋር ዘመድ መሆኗን ያወቅሁት አሁን ነው።) ቅንቅኖቿም አብረዋት ሄዱ።

---

ዝም አልልም · ሚያዝያ 22

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰው በተቸገረበት ዘመን ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንዲት ዝንብ ታወራላችሁ። ማር ይሰጡናል የሚባሉትን ንቦች እንኳ ባወራችሁ። ይህቺ ምን ትጠቅማለች?

---

ዌስትላንድ ቲማቲም (ሆላንድ) · ሚያዝያ 22

ወንድም፣ እኔ በዚህች «ዝንብ» ነው እንጀራ የምበላው። ስምንት ዓመት ቲማቲም ግሪንሃውስ ውስጥ እየሠራሁ ነው። እዚህ ሆመል ይሏታል።

የቲማቲም አበባ ተንኮለኛ ነው። ነክታር የለውም፤ ብናኙንም እንደሌላው አበባ ውጭ አያሰጣም። እንደ ጨው መነስነሻ ጫፉ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ዘግቶ ያስቀምጠዋል፣ ካልነቀነቁት አይወጣም። ማር ንብ አታውቅበትም። ሆመል ግን አበባውን በመንጋጋዋ ጨብጣ ትንጠለጠላለች፣ ክንፏን ታጥፋለች፣ ከዚያ የበረራ ጡንቻዋን ታርገበግባለች። ድምፁ ስትበር ከምታሰማው ይቀጥናል፣ ክራር ሲቃኝ ክሩ እንደሚከርረው። ረድፉ መካከል ጎንበስ ብዬ ስሠራ ጆሮዬ ሥር ዝዝዝ ስትል አያታለሁ፤ ብናኙ ሆዷ ላይ እንደ ሽሮ ቡን ይላል።

ጠዋት ጠዋት አንዱ ሥራዬ ይህንን መቁጠር ነው። የነከሰችበት አበባ ቢጫው ላይ ቡናማ የጥርስ ምልክት ይቀራል። አበቦቹን እያየሁ ምልክት ያለውንና የሌለውን እመዘግባለሁ፤ ምልክቱ ካነሰ የንቦቹ ሳጥን ደክሟልና አዲስ ይመጣል። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች እንደነገሩኝ ድሮ አበባውን የሚነቀንቀው ሰው ነበር፤ በባትሪ የሚንቀጠቀጥ ዘንግ ይዞ ዘለላውን አንድ በአንድ እየነካ፣ በሳምንት ደጋግሞ። ይህን የለወጠው ሮላንድ ደ ዮንኸ የሚባል ቤልጅየማዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ባምብልቢ አርብቶ መሸጥ ጀመረ፣ በጥቂት ዓመት አብዛኛው የቲማቲም ገበሬ ዘንጉን ጣለ።

ሱፐርማርኬት የምትገዛው የግሪንሃውስ ቲማቲም አብዛኛው በእሷ የተነቀነቀ ነው።

---

አፉላ (እስራኤል) · ሚያዝያ 22

እዚህም ቦምቡስ እንላታለን፣ ካርቶን ሳጥን ውስጥ ታሽጋ ትመጣለች። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታያት «ይህቺ ንብ ናት ወይስ ትንሽ ድብ» ነበር ያለችው 😂

---

ደጉ ዘመን · ሚያዝያ 23

እኛ አገር ከሌለች ታዲያ የመቂና የዝዋይ ቲማቲም በምን ያፈራል?

---

ቀፎ ሰቃይ · ሚያዝያ 23

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቲማቲም ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ ሜዳ ላይ ነፋሱ ይነቀንቀዋል። ግሪንሃውስ ውስጥ ግን ነፋስ የለም፣ ችግሩ ያ ነው። መነቅነቅ የሚችሉ ሌሎች ንቦችም አገር ቤት አሉ። የጣራ ወራጅ እንጨት በክብ ቀዳዳ የሚቦረቡረውን ትልቅ ጥቁር ንብ ታውቀዋለህ? እሱ ይችልበታል። ልጆች ሆነን በእንጨት እያባረርን ስንገድለው ነው ያደግነው፤ አሁን ይቆጨኛል።

---

ብርጭቆ ስላይድ · ሚያዝያ 24

ዌስትላንድ የጻፈው ደስ ይላል፣ ግን የዚያ ሳጥን ሌላ ገጽ አለው። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የባምብልቢ በሽታ በብዛት የሚተላለፈው አበባ ላይ ነው። አበባ ማለት ለንብ አገር ሁሉ እጁን የሚሰድበት አንድ መሶብ ነው። ላብራቶሪያችን ውስጥ ከማንም በላይ የማየው ክሪቲዲያ የሚባለውን ነው። የንቧን አንጀት አውጥቼ በአንድ ጠብታ ውኃ ስላይድ ላይ እደቀዋለሁ፤ በ400 እጥፍ ሲጎላ ጭራቸውን እያውለበለቡ የሚዋኙ ነገሮች ሜዳውን ሞልተውት አያለሁ። እነዚህ እኛ አገር ሰውን ቁንጭር የሚያሲዘው ተሕዋስ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ከብት የሚገድለው የገንዲውም በሩቁ ይዛመዳቸዋል። ለሰው አይተላለፍም፣ አትፍሩ። የታመመችው ንብ አበባ ላይ ትጸዳዳለች፣ ቀጥላ የምታርፈው ትውጠዋለች። አለቀ።

ጠግባ የምትበላ ሠራተኛ ንብ ብዙም ሳትጎዳ ትኖራለች፤ ስትራብ ግን ይገድላታል። የተኛች ንግሥት ከያዘ ደግሞ በጸደይ ጎጆ የመመሥረት ዕድሏን በ40 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። በዚያ ላይ ኖሴማና አፒሲስቲስ የሚባሉ ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ፣ ከማር ንብ የሚሻገረው ክንፍ የሚያጨማድድ ቫይረስ አለ። በበረራ ላይ ጀርባዋ ላይ ወጥቶ እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ የሚሰካ ዝንብም አለ፤ እጩ ከውስጥ ይበላታል፣ ልትሞት ስትቃረብ ራሷን አፈር ውስጥ እንድትቀብር ያደርጋታል። ለእሱ ሙሽሬ መኖሪያ እንዲሆነው መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ከጥንት የነበረ ነው፤ ንቦቹም ችለውት ኖረዋል።

የተለወጠው በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አርብቶ በአውሮፕላን መላክ ሲጀመር ነው። ካናዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት ግሪንሃውስ አጠገብ የተያዙት የዱር ባምብልቢዎች ራቅ ካሉት ይልቅ ክሪቲዲያ በዝቶባቸው ተገኝቷል። ሳጥኑ ቀዳዳ አለው፣ የግሪንሃውሱም ጣራ ይከፈታል፤ ንቧም ቪዛ አትጠይቅ።

ቺሊ ከዚህ ይብሳል። በዓለም ትልቋ ባምብልቢ እዚያ ነበረች፤ ዳልቦሚ የምትባል ብርቱካናማ፣ ስትበር አይጥ የምታህል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓዋን ባምብልቢ ለግብርና አስገቡ፤ እሷ በ2006 ተራራውን አልፋ አርጀንቲና ገባች። በደረሰችበት ብዙ ቦታ ዳልቦሚ ጠፋች፤ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ናት። ምግብ መሻማቱም አለ፣ በሽታውም አለ።

---

ዌስትላንድ ቲማቲም · ሚያዝያ 24

አልክድም። እኛ ጋ ያለቀ ሳጥን ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ ንቦቹ ከሞቱ በኋላ ነው የሚጣለው፤ ንግሥቶቹ እንዳይወጡ በሩ ጠባብ ተደርጎ ይሠራል። ቀድሞ የሠራሁበት ቦታ ግን ሰው ሲቸኩል ሳጥኑን እንዳለ ቆሻሻ ክምር ላይ ሲወረውር አይቻለሁ። ተናግሬም ነበር፤ «ንብ ናት፣ ትብረር» ተባልኩ።

---

ቀፎ ሰቃይ · ሚያዝያ 25

እዚሁ አሜሪካ የሆነውን ልጨምር። ሮቢን ቶርፕ የሚባሉ የካሊፎርኒያ ምሁር ነበሩ፤ ኦሪገንና ካሊፎርኒያ ድንበር ላይ ብቻ የምትኖር ፍራንክሊን የምትባል ባምብልቢ በየዓመቱ እየሄዱ ይቆጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ነሐሴ ውስጥ አሽላንድ ተራራ ላይ አንዲት አዩ። ከዚያ ወዲህ ያያት ሰው የለም። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ መረባቸውን ይዘው ተመላልሰዋል። በ2021 መንግሥት ለመጥፋት የተቃረበች ብሎ መዘገባት፤ እሳቸው በ2019 አርፈዋል።

የቶርፕ ጥርጣሬ ይህ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ንግሥቶች ለማርባት አውሮፓ ተልከው ሲመለሱ ኖሴማ ይዘው መጥተዋል የሚል። ብርጭቆ ስላይድ፣ ይህ ተረጋግጧል እንዴ?

---

ብርጭቆ ስላይድ · ሚያዝያ 25

ግማሹ። በሙዚየም የተሰኩ አሮጌ ንቦችን ሆድ መርምረው ኖሴማ ከዚያ በፊትም አሜሪካ እንደነበረ አገኙ፤ ከውጭ የገባ አዲስ ዘር ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን እየጠፉ ባሉት ዝርያዎች ውስጥ በድንገት የበዛው ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ መጨረሻቸው ባለው ጊዜ ነው። ጊዜው ገጥሟል፣ መንገዱ ግን አልታየም። እኔ በግሌ የሽማግሌው ጥርጣሬ ከእውነት የራቀ አይመስለኝም፤ የላብራቶሪ አለቃዬ ግን «አልተረጋገጠም» ትላለች፣ ልክ ናት።

---

ዝም አልልም · ሚያዝያ 25

እሺ፣ ቲማቲሙን ተቀብያለሁ። ቀድሜ የጻፍኩት ችኮላ ነበር። ግን ታዲያ ተራ ሰው ምን ያድርግ? መድኃኒት አላት?

---

ብርጭቆ ስላይድ · ሚያዝያ 26

ለዱር ንብ መድኃኒት የሚሰጥ የለም። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ፤ የሱፍ አበባ። ሱፍ ብናኝ የበሉ ባምብልቢዎች አንጀት ውስጥ ክሪቲዲያው በእጅጉ ይቀንሳል። መጀመሪያ ብናኙ ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሲታይ የብናኙ ቅርፊት እሾሃማ መሆኑ ነው። በማይክሮስኮፕ ልክ እንደ ኩርንችት ነው፤ አንጀቱን ጠርጎ የሚያወጣው ይመስላል። ሱፍ ብቻ ብትበላ ግን ትጎዳለች፣ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ኮሶ ጠቃሚ ነው ተብሎ ለምሳ እንደማይበላው።

---

ደጉ ዘመን · ሚያዝያ 26

አደይ አበባም ከሱፍ ወገን ናት አይደል? በቃ መስከረም ላይ ንቦቻችን ኮሷቸውን ይጠጣሉ ማለት ነው!

---

ብርጭቆ ስላይድ · ሚያዝያ 26

ወገንስ ናት። ግን በሱፍና በቅርብ ዘመዶቹ፣ በባምብልቢ ላይ የታየውን ለእኛ ንብና ለአደይ አትስጠው፤ ያንን የሚያሳይ ነገር በእጄ የለም። ምሳሌህ ግን ወደድኩት።

---

ቀፎ ሰቃይ · ሚያዝያ 27

ዝም አልልም፣ ተራ ሰው ከሚያዝያ እስከ መስከረም የማይቋረጥ አበባ ይትከል፤ ቀደም ብሎ እንደተጻፈው የጠገበች ንብ በሽታውን ትችለዋለች። ግቢህ ውስጥ ያለውን ማገጥ አትጨደው፤ እዚህ ክሎቨር ብለው እንደ አረም ያዩታል፣ እሷ ግን ትወደዋለች። መርዝ አትርጭ። አንድ ጥግ ሣሩን ሳታበጥረው ተወው፣ አይጥ ቢገባበትም ታገሥ። የስኳር ውኃ በሳህን አድርጎ ግቢ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ አንድ የጋራ ሳህን ማለት አንድ የጋራ በሽታ ማለት ነው። ለወደቀችው ለአንዷ ብቻ ነው። የጓሮ ጎመን ደግሞ ዕድለኛ ናት፤ ሚኒሶታ ግቢውን ወደ አበባ ለሚለውጥ ሰው ገንዘብ የሚረዳ ፕሮግራም አለው።

---

የጓሮ ጎመን · ሰኔ 6

ትዝ አልኳችሁ? ሰኞ ጠዋት ከዕቃ ቤቱ ሥር፣ ድሮ አይጥ የምትወጣበት ቀዳዳ አፍ ላይ አንዲት ትልቅ ንብ ገባች። ሣሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ ጠበቅኳት፤ ጎረቤቴ ወድቄ መስሏት ልትደውል ነበር። ስትመለስ ኋላ እግሮቿ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ጥቅል ተሸክማለች!! የእኔዋ ትሁን ሌላ፣ አላውቅም። ቅንቅን ግን አላየሁባትም።

---

ብርጭቆ ስላይድ · ሰኔ 6

ብናኝ ከተሸከመች ያ ትል የለባትም ማለት ይቻላል። የአንቺዋ ከሆነች ደግሞ ቅንቅኖቹ ጎጆ ውስጥ ወርደው ቤት ለምደዋል። ቀጥሎ የሚወጡት ትናንሽ ሠራተኞች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ እሷን አታያትም፣ ውስጥ ተቀምጣ እንቁላል መጣል ብቻ ነው ሥራዋ።

---

የጓሮ ጎመን · ሐምሌ 12

ፎቶ ለጥፌአለሁ። ትናንሾቹ መጥተዋል፤ ቲማቲሜ ላይ ተንጠልጥለው ዝዝዝ ይላሉ፣ ዌስትላንድ እንዳለው ቡናማ የጥርስ ምልክት አለው። አሁን ተመልከቱልኝ፤ የዚህችኛዋ ጀርባ ላይ ዝገት የመሰለ ቀለም አለ። የሚኒሶታ የግዛት ንብ ተብላ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረጠችው፣ በ2017 በፌዴራል ሕግ የተመዘገበችው ባለ ዝገቷ እሷ ትሆን? ልቤ እየመታ ነው።

---

ቀፎ ሰቃይ · ሐምሌ 12

እልልል! ሴንት ፖል ከቀሩላት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ከድሮ ግዛቷ 87 በመቶ ያህሉ ጠፍቶባታል። ብርጭቆ ስላይድ፣ ና እይ!

---

ብርጭቆ ስላይድ · ሐምሌ 13

ደስታችሁን ልቆርጥ ነው። ዝገቱ የት እንደተቀመጠ እዩ። የባለ ዝገቷ ሠራተኛ ቀለሙ ሁለተኛው የሆድ ቀለበት መሀል ላይ እንደ ማኅተም ነው፣ ዙሪያውንና ከኋላው ቢጫ አለ። የእህታችን ንብ ግን ቡናማው ወደ ፊት ተጠግቶ እንደ ጨረቃ ጎብጧል፣ ከኋላው ወዲያው ጥቁር ነው፤ ጸጉሯም እንደተከረከመ አጭርና እኩል ነው። ይህቺ ግሪሲዮኮሊስ የምትባል ሌላ ባምብልቢ ናት፤ ብዙ ናት፣ ጤነኛ ናት። ለማንኛውም ፎቶውን አይናቹራሊስት በሚባለው ሰው ያየውን እንስሳና ተክል በሚመዘግብበት ድረ ገጽ ላይ አስገቢው፤ የተለመደችው የት እንዳለች ማወቅም ይጠቅማል።

---

የጓሮ ጎመን · ሐምሌ 13

ተናደድኩ፣ ግን ስታሳየኝ ጨረቃውን አየሁት። ይሁን፤ ቲማቲሙን የምትነቀንቀው ያቺው ናት።

---

የጓሮ ጎመን · ነሐሴ 24

የመጨረሻ ዜና። ክርክራችሁን ሰምቼ አጥሩ ሥር ሱፍ ዘርቼ ነበር፣ ቁመቴን በልጦ አበበ። ዛሬ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስወጣ በአንዱ አበባ ላይ አራት ባምብልቢ ደርቀው አየሁ። ጠል አርፎባቸው፣ ሲነኳቸው የማይንቀሳቀሱ። በሽታው ገባ ብዬ ለብርጭቆ ስላይድ ልጽፍ ስልኬን አነሳሁ። አንዱ እግሩን ቀስ አድርጎ ሰቀለ።

ጋሼ ቀፎ ሰቃይ በግል እንደነገሩኝ እነዚህ ድንጉሎች ናቸው፤ አንዴ ከጎጆ ከወጡ አይመለሱም፣ አበባ ላይ ነው የሚያድሩት። መናደፊያም የላቸውም።

ስኳር አልበጠበጥኩም፣ ካርቶንም አላመጣሁም። ቡናዬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከጎረቤት ጣራ በላይ ስትወጣ መጀመሪያ ሁለቱ ሆዳቸው ይነፋ ይሟሽሽ ጀመር፣ ከዚያ ሦስተኛው። አራተኛው ቡናዬ እስኪያልቅ ቆየና እሱም ሄደ።

ማሩ የት ደረሰ ካላችሁኝ፤ እሱንማ ለፍልሰታ ፍቺ በልተን ጨርሰነዋል።